ፈገግታ የሚጠብቀው ካሜራ

አስቀድመን አንድ ነገር እንግባባ፣ እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀመር ተነሥቶ የሚወጣ ሰው ነኝ። የቄስ ልጅ ነኝ፣ ያደግሁት ደብረ ማርቆስ አጠገብ ጠበል ያለበት ደብር ግቢ ውስጥ ነው፣ ሰው ሲጮህና ሲንፈራገጥ፣ "ከየት ያዝካት?" ተብሎ ሲጠየቅ ከልጅነቴ ጀምሮ ስላየሁት ብርቄ አልነበረም፣ አባቴ ራሳቸው ማታ ራት ላይ የሚያወሩት ስለ ጩኸቱ ሳይሆን ስለ ማገዶ መወደድ ነበር። በዚያ ላይ ሙያዬ ቅየሳ ነው። ቀያሽ የሚያምነው የለካውን ነው፣ ርቀቱና ከፍታው ያልታወቀ ነገር ለእኔ የለም ማለት ነው። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፣ ይሄ ነገር ግን ይኸው ስንት ዓመቱ፣ እያደር ይከብደኛል፣ ስለዚህ ላውራችሁ፣ ካላመናችሁኝም አልቀየማችሁም፣ በእናንተ ቦታ ብሆን እኔም አላምንም ነበር።

ሐረር የተመደብኩት በሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። መሥሪያ ቤቴ አዲሱ ከተማ ውስጥ ነበር፣ ቤት የተከራየሁት ግን አሮጌውን ከተማ የከበበው የጀጎል ግንብ አጠገብ፣ ፈላና በር ነው። ሐረርን በክፉ አላነሣትም፣ ሰዉ ሳቂታ ነው፣ ለእንግዳ ፊቱ አይጠቁርም፣ ችግሩ እኔ ጫት አለመቃሜ ነበር። ይህ ለእናንተ ትንሽ ነገር ሊመስላችሁ ይችላል፣ ሐረር ላይ ግን የማይቅም ሰው ከሰዓት በኋላ መድረሻ የለውም። ከምሳ በኋላ ሁሉም ጫቱን በብብቱ ሸጉጦ ወደየበርጫው ይገባል፣ መንገዱ ጭር ይላል፣ ሱቁ በግማሽ ይዘጋል፣ በየጠባቡ ጀጎል መንገድ የሚንቀሳቀሰው ገራባውን፣ የተጣለውን የጫት ቅጠል ማለቴ ነው፣ የሚለቅም ፍየል ብቻ ነው። የሥራ ባልደረቦቼ መጀመሪያ ሰሞን "ና እንጂ አቦ" እያሉ ይወስዱኝ ነበር፣ አንድ ቀን ሞክሬ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ፣ ከዚያ ለስላሳ መጠጥ ይዤ አጠገባቸው መቀመጥ ጀመርኩ፣ እነሱ ጨዋታው ሲሞቅ እኔ ሠርግ ቤት እንዳለ ሹፌር መውጫቸውን ስጠብቅ፣ ራሴው ታከተኝና ቀረሁ። እነሱም ተቀይመው ሳይሆን ረስተው መጥራታቸውን ተዉ። የመስክ ሥራ ጧት ነው የሚሠራው፣ ስለዚህ ከስምንት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ያለው ጊዜ የእኔ የብቻዬ ሆነ። እመኑኝ፣ ያን ያህል ረጅም ሦስት ሰዓት በሕይወቴ አላየሁም፣ ከግድግዳ ጋር ማውራት ሲባል እሰማ ነበር፣ በእውነት የሚደረግ ነገር እንደሆነ ያወቅሁት እዚያ ነው።

ካሜራውን የገዛሁት በእናቴ ምክንያት ነው። በስልክ "አብረሃቸው የምትኖራቸውን ሰዎች ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ" አለችኝ፣ አብሬያቸው የምኖራቸው ሰዎች የሉም ማለት አሳፈረኝና እሺ አልኩ። አዲሱ ከተማ ውስጥ በጅጅጋ በኩል የገባ ዕቃ ከሚሸጥ ሱቅ አንዲት ብርማ ዲጂታል ካሜራ ገዛሁ፣ የገላ ሳሙና ታክላለች፣ ስሟን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሰምቼው አላውቅም። ርካሽ ነበረች፣ ርካሽነቷንም አላስረሳችኝም። ሁለት ባትሪ ድንጋይ ትጎርሳለች፣ አሥር ፎቶ ሳታነሣ ትጨርሰዋለች፣ ድንጋይ በቀየርኩ ቁጥር ቀኑን ትረሳና እንደ አዲስ ትጠይቀኛለች፣ ትንሽ ደመና ከመጣ ያነሣችው ሁሉ ጭጋግ ነው። ሁለት ነገር ግን ትችል ነበር። አንደኛው፣ ፊት ስታገኝ ከጀርባዋ ባለችው መስታወቷ ላይ ፊቱን በቢጫ አራት ማዕዘን ትከብበዋለች፣ ሰውየው ሲቀርብ ሳጥኑ ይሰፋል፣ ሲርቅ ይጠብባል። ሁለተኛው ይብሳል፣ የምትስቅ ፊት የተሳለችበትን ምልክት ከመረጥክ ምንም መጫን አያስፈልግም፣ እሷ ራሷ ትጠብቃለች፣ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ፊት ፈገግ ሲል ብቻ ጠቅ ታደርጋለች።

አንድ ከሰዓት በኋላ ለእናቴ የምልከውን ፎቶ ልነሣ ብዬ ካሜራዋን ቁም ሣጥኑ ፊት ወንበር ላይ አስቀምጬ፣ ወደ ፈገግታው አዙሬ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። ከኋላዋ ባለው የቁም ሣጥኑ መስታወት ውስጥ ሳጥኑ ፊቴ ላይ መጥቶ ሲቆም ይታየኛል። ጠበቀችኝ፣ እኔም ጠበቅኋት። ከንፈሬን ለጠጥኩ፣ አልተቀበለችኝም፣ ጥርሴን አሳየኋት፣ አልተቀበለችኝም። ግማሽ ሰዓት ያህል ተፋጠን ቆየን ብላችሁ ማጋነን አይምሰላችሁ። መጨረሻ ላይ ተናድጄ አጠፋኋት፣ ለእናቴም ካሜራው ተበላሽቷል ብዬ ዋሸሁ። ያ የፈገግታ ምልክት እንደተመረጠ ቀረ፣ ቀን የምትረሳው ካሜራ ይህን አልረሳችውም።

ሳጥኑ ደግሞ አንዳንዴ እንደሚሳሳት አውቅ ነበር፣ ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ በኋላ "ማሽን ይሳሳታል" እንዳትሉኝ። የመብራት ቆጣሪው ላይ ፊት አይታ ታውቃለች፣ የእመቤታችን ሥዕል ያለበት ካላንደር ላይማ ሁልጊዜ ነው። ቆጣሪ የሚያሳስታት ካሜራ ሰይጣን አታሳይም ብዬ እስቅባት ነበር።

የቤቱ ባለቤት እማማ አሰገደች ይባላሉ። አያታቸው በድሮ ዘመን ከሸዋ ከሠራዊት ጋር መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው፣ እሳቸው ግን ከሐረር ሌላ አገር የሚያውቁ አይመስለኝም፣ ድሬዳዋን እንኳ ሙቀቷን ጠልተው ሴት ልጃቸውን ለመጠየቅ በዓመት አንዴ ነበር የሚወርዱት። ቅዳሴ አያስታጉሉም፣ ግን "ወላሂ" ብለው ይምላሉ፣ የመጀመሪያ ቀን ስሰማ ክው አልኩ፣ ኋላ ላይ ሐረር እንደዚያ እንደሆነች ገባኝ። ግቢው ውስጥ እሳቸውና እኔ ብቻ ነበርን። የእኔ ክፍል የልጃቸው የታምራት ክፍል ነው።

ታምራት ከስምንት ዓመት በፊት ባሕር ተሻግሮ ዓረብ አገር ለመግባት ሶማሊያ፣ ቦሳሶ ወደብ ድረስ ሄዷል። ከዚያ አንድ ጊዜ ጎረቤት ቤት ደውሎ "ነገ እንሻገራለን" ብሏል፣ በቃ፣ ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም። ካገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ ይባል የለ፣ የሱ ግን መጫኑም አልተሰማ። ዓመት ቆይቶ አብሮት የተጓዘ፣ ከከተማው በላይ ካለው ከሐኪም ጋራ የሆነ አንድ ልጅ ተመልሶ፣ ጀልባው ተገለበጠ፣ ስዋኝ ታምራትን አላየሁትም አለ። እማማ ይህን ሲሰሙ "አላየሁትም አለ እንጂ ሞተ አላለም" ብለው ዘጉት። የግቢው በር ቀን ቀን አይቀረቀርም፣ እሳቸው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ መጀመሪያ እኔን የሚጠይቁኝ "ማንም አልመጣም?" ነው። እኔም ሁልጊዜ "ማንም አልመጣም እማማ" እላለሁ። አንድ ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ይህን ስንባባል ኖርን።

ሴት ልጃቸው ብርቱካን ድሬዳዋ አግብታ ነው የምትኖረው። በሁዳዴ ጾም አጋማሽ ላይ መጥታ ክፍሌ ድረስ አንኳኳች፣ ገብታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ነገሩን ነገረችኝ። ወንድሜ ስምንት ዓመት ሙሉ ፍትሐት ሳይደረግለት፣ እርሙ ሳይወጣ፣ እንደ ውሻ ሞቶ ቀረ አለችኝ፣ እሷ ስትናገር ነው ያለቀሰችው፣ እናቷ ፊት አልቅሳ አታውቅም። ከእድሩ ዳኛና ከእናቷ ንስሐ አባት ጋር ተማክረው ቆርጠዋል፣ ቅዳሜ ንጋት ላይ መርዶ ሊነግሯቸው ነው። መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ፣ ሰው ሁሉ ቀድሞ ያውቃል፣ ባለቤቱ ብቻ አያውቅም፣ ሽማግሌ ይመረጣል፣ ቄስ ይያዛል፣ ሰብሰብ ብሎ ይኬዳል፣ ማንም ሰው ያንን ቃል ብቻውን አይሰማም፣ ብቻውንም አይናገርም። ከእኔ የምትፈልገው ፎቶ ነበር። ልቅሶው ላይ የሚያዝ የታምራት ፎቶ የለም፣ ያለው አንድ ጉርድ ፎቶ ነው፣ እሱንም እናቷ ቡፌው መሳቢያ ውስጥ በላስቲክ ጠቅልለው አስቀምጠውታል። ሐሙስ እሳቸው ቅዳሴ ሲሄዱ በካሜራዬ ላነሣውና አዲሱ ከተማ ፎቶ ቤት ወስጄ ላስጎላው።

መስረቅ እንደሆነ ጠፍቶኝ አይደለም። ግን "አንተ ብቻ ነህ የምትችለው" አለችኝ፣ ሐረር ከገባሁ ይህን ያለኝ ሰው አልነበረም፣ ደስ አለኝ፣ እሺ አልኩ። ከእማማ ጋር አንድ ማዕድ እየቀረብኩ፣ ከጀርባቸው ልቅሶ ሳዘጋጅ ምንም አልመሰለኝም።

ሐሙስ ስምንት ሰዓት ተኩል ገደማ ወደ ሳሎን ገባሁ። የጾም ቅዳሴ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን አይወጣም። ሰፈሩ በርጫ ላይ ነው፣ ጸጥ ብሏል፣ የሚሰማው ቆርቆሮው በፀሐይ ሲንጣጣና ከአጥሩ ወዲያ የጎረቤት ፍየል ሲያመነዥግ ነው። ሳሎኑ ሰፊ አይደለም፣ ከመስኮቱ ሥር ጠረጴዛ፣ በስተግራ ቡፌው፣ ፊት ለፊት እንደ ሐረሪዎቹ ቤት በምንጣፍ የተሸፈነ ረጅም መደብ አለ፣ ከመደቡ በላይ ሰማያዊ የተቀባ ግድግዳ ነው፣ ሥዕል የለበት፣ ካላንደር የለበት፣ ምስማር እንኳ የለበትም። ፎቶውን ከመሳቢያው አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ብርሃን ውስጥ አስቀመጥኩት። ጠየም ያለ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ፣ የማይስቅ ልጅ ነው።

ካሜራውን ደግኜ ጠበቅሁ፣ ሳጥኑ አልመጣም። ቆጣሪ ላይ የሚመጣው ሳጥን የሰው ፎቶ ላይ እምቢ አለ። ቀረብኩ፣ ራቅሁ፣ መጋረጃውን ገለጥኩ፣ የለም። ፎቶው ደብዝዞ ነው ብዬ፣ አንገቴን ላፍታታ ቀና ስል ካሜራውም አብሮኝ ቀና አለ፣ ያኔ ሳጥኑ መጣ። መደቡ ላይ፣ በስተቀኝ ጥጉ በኩል፣ ባዶ ግድግዳ መሃል።

አልደነገጥኩም፣ ወላሂ አልደነገጥኩም፣ ሳቅሁ እንጂ። ግድግዳው ላይ ጥላ ወይ ስንጥቅ አለ ብዬ በዓይኔ ፈለግሁ፣ አጣሁ። እጄን ሌንሱ ላይ ጋረድኩ፣ ጠፋ። አነሣሁት፣ እዚያው ቦታ ተመልሶ መጣ። ይሄኔ ሙያዬ ተነሣብኝ። አንድ ነገር የት እንዳለ ማወቅ ከፈለጋችሁ ከአንድ ቦታ አታዩትም፣ ከሁለት ቦታ ታዩና ሁለቱ መስመሮች የሚቋረጡበትን ትይዛላችሁ፣ መጀመሪያ የተማርነው ይህን ነው። ሳጥኑ ግድግዳው ላይ ባለ እድፍ ምክንያት የመጣ ከሆነ የትም ብሄድ ያው እድፍ ላይ መቅረት አለበት። ከጠረጴዛው አጠገብ ቆሜ አየሁ፣ ከሳጥኑ በስተጀርባ የሚታየኝን የግድግዳ ቦታ ልብ አልኩ። ሦስት እርምጃ ወደ ቡፌው ሄጄ እንደገና አየሁ። ሳጥኑ በግድግዳው ላይ አንድ ክንድ ያህል ተንሸራትቷል።

እንግዲህ ግድግዳው ላይ አይደለም ማለት ነው፣ ከግድግዳው ወዲህ ነው። መስመሮቹን በጭንቅላቴ አቋረጥኳቸው፣ ብፈልግ ባልፈልግ ተቋረጡ። ነጥቡ ከመደቡ ጥግ በላይ፣ ከወለሉ አንድ ሜትር ከሃያ በማይሞላ ከፍታ ላይ አረፈ። የተቀመጠ ሰው ፊት የሚሆንበት ከፍታ ነው። ጾም ላይ ስለነበርክ ነው ትሉኝ ይሆናል፣ እኔም ለራሴ ያልኩት ያንኑ ነው፣ ግን የራበው ሰው ዓይኑ ይዋሻል እንጂ ማዕዘን አይዋሽም።

ያኔ ካሜራዋ ጠቅ አለች።

አልነካኋትም። ጣቴ መጫኛዋ ላይ አልነበረም። መስታወቷ ያነሣችውን ፎቶ ለሁለት ሰከንድ አሳየችኝ፣ መደብ፣ ምንጣፍ፣ ሰማያዊ ግድግዳ፣ ሌላ ምንም። ከዚያ ተመለሰች፣ ሳጥኑ እዚያው ነው፣ ግን ሰፋ ብሏል፣ ከፍም ብሏል። ጠቅ አለች። ሦስተኛው ላይ ሳጥኑ የመስታወቷን ግማሽ ይዞ ነበር፣ ይህ ማለት ከእኔ የሁለት እርምጃ ርቀት ነው፣ በቆመ ሰው ቁመት። ጠቅ።

አሁን ለማንም ያልተናገርኩትን ልንገራችሁ። ሰው እንዲህ ሲገጥመው ይጮሃል፣ ይሮጣል፣ ላብ ያጠምቀዋል ይባላል። እኔ ደስ አለኝ። እግዜር ይይልኝ፣ ደስ አለኝ፣ ስንት ወር ሙሉ ከሰዓት በኋላ ወደ እኔ የመጣ ሰው አልነበረም፣ ይሄ ማንም ይሁን ማን ተነሥቶ ወደ እኔ መጥቷል፣ ደግሞም እየሳቀ። እንባዬ መጣ። ቀና ብዬ በባዶ ዓይኔ ሳይ ግን ቤቱ ባዶ ነበር፣ ባዶነቱ ነው ያስፈራኝ።

የግቢው በር ሲጢጥ አለ፣ እማማ አሰገደች ነጠላቸውን እንዳጣፉ ገቡ። ካሜራውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን የልጃቸውን ፎቶ አዩ። የለመዱትን ጥያቄ አልጠየቁኝም።  እውነቱን ብናገር ብርቱካንን አሳልፌ መስጠት ነው፣ ዝም ብል ሌባ ነኝ፣ ይህን ሳወጣ ሳወርድ አፌ ላይ የመጣው ያየሁት ነገር ሆነ። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ሳጥኑን፣ ቦታውን፣ ከፍታውን፣ ሦስት ጊዜ ጠቅ ማለቷን። ይስቁብኛል ወይ ይሰድቡኛል ብዬ ነበር።

"በስተቀኝ ነው ያልከኝ? ጥጉ ላይ?" አሉ።

"አዎ እማማ።"

"ቦታውን ማን ነገረህ?"

ማንም እንዳልነገረኝ ነገርኳቸው። ታምራት ሲያመሽ ሲያመሽ እዚያ ጥግ ግድግዳውን ተደግፎ ነበር የሚቀመጠው አሉኝ፣ ከሄደ ወዲህ እዚያ ማንንም አያስቀምጡም፣ አሁን ልብ ስል እኔም አንድም ቀን ተቀምጬበት አላውቅም፣ ሁልጊዜ ወንበር ያቀርቡልኝ ነበር። ጉልበታቸውን ይዘው መደቡ ላይ፣ ከጥጉ ራቅ ብለው ተቀመጡና "አሁንስ አለ?" አሉኝ። ደገንኩ። የእሳቸው ፊት ላይ አንድ ሳጥን መጣ። ጥጉ ላይ ሌላ ሳጥን መጣ። ወደ ጥጉ እንደደገንኩ አጠገባቸው ሄጄ አሳየኋቸው፣ ዓይናቸው ደካማ ነው፣ ግን ቢጫውን አዩት፣ ጣታቸውን መስታወቷ ላይ አሳርፈው ቆዩ።

ያኔ ነው የተሳሳትኩት። ያጽናናቸው መስሎኝ፣ ካሜራዋ ዝም ብላ እንደማታነሣ አስረዳኋቸው፣ ፊቱ ሲስቅ ብቻ እንደሆነ፣ ሦስቴ ጠቅ አለች ማለት ሦስቴ ስቋል ማለት እንደሆነ ነገርኳቸው። ልጅዎ መጥቷል፣ ደግሞም ደስ ብሎታል ማለቴ ነበር። ከዚያ ያለፈ አላሰብኩም፣ እመኑኝ፣ የእናትን ነገር አላውቅም።

ጣታቸውን ከመስታወቷ ላይ አነሡ። ፍየሏ ማመንዠጓን ትታለች።

"በሩን ማን ከፈተለት?" አሉኝ።

"ማንም አልከፈተለትም እማማ። እንደ ተዘጋ ነው።"

"በእግሩ የሚመጣ ልጅ በር ያንኳኳል። ስሜን ይጠራል። ከፍቶ የገባ ሰው ድምፅ አለው።" ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱ፣ ጥለቱን ወደ ላይ አዙረው፣ ልቅሶ ቤት እንደሚለበሰው ለበሱት። "ስምንት ዓመት ሰው ሁሉ ልጅሽ ሞቷል ሲለኝ አላመንኩም። አሁን አመንኩ። መርዶ ነጋሪዬ አንተ ሆንክ፣ ልጄ።"

ከዚያ ጮኹ። እንደዚያ ያለ ጩኸት ጠበሉም ዘንድ ሰምቼ አላውቅም። በርጫ ላይ የነበረው ሰፈር ሁሉ ጫቱን ጥሎ መጣ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ "ኢና ሊላሂ" የሚለውም፣ ደረቱን የሚደቃውም ግቢውን ሞላው፣ ማን ነገራቸው ብሎ ሰው ሲጠያየቅ እኔ ካሜራውን ኪሴ ከትቼ ጥግ ላይ ቆሜ ነበር። መርዶ ለብቻ አይነገርም ብያችኋለሁ፣ እኔ ለብቻቸው፣ ሽማግሌ ሳልይዝ፣ ጾም እንደዋሉ ነገርኳቸው። ብርቱካን ማታውኑ ደረሰች፣ አልተቆጣችኝም፣ ለቅዳሜ ያሰብነውን ነው ያደረግኸው ብላ አጽናናችኝ። እውነት አልነበረም። ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ ቢነግሯቸው ኖሮ እማማ እንግዳ ያስተናግዱ ነበር እንጂ አያለቅሱም ነበር፣ ከዚያም ሰኞ በሩን ሳይቀረቅሩ ቤተ ክርስቲያን ይሄዱ ነበር። የሰው ቃል አላሳመናቸውም፣ የእኔ ካሜራ ግን አሳመናቸው።

ከልቅሶው በኋላ በሩ ቀንም መቀርቀር ጀመረ። "ማንም አልመጣም?" ብለው መጠየቃቸውን ተዉ፣ እኔም የምመልሰው ነገር ጠፋኝና ቤት ውስጥ ንግግር አለቀ። ሐኪም ቤት ሄዱ፣ ሐኪሙ ምንም አላገኘባቸውም። ዓመት ሳይሞላቸው አንድ ጧት ሳይነሡ ቀሩ። ሬሣቸውን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነኝ፣ ቀለሉኝ። ከዚያ ዝውውር ጠይቄ ጭሮ ከተማ ሄድኩ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ደግ ነበር። አንድ እናት ልጇ መሞቱን በሆነ መንገድ አውቃ፣ አልቅሳ፣ ፍትሐት አስደርጋ ተከተለችው ብዬ እተኛ ነበር፣ ለሁለት ዓመትም እንደዚያ ብዬ ተኝቻለሁ። ከዚያ ብርቱካን ደወለችልኝ። ድምፅዋ የደስታ ይሁን የሐዘን ለመለየት አቃተኝ። ታምራት መጥቷል አለችኝ። በእግሩ፣ በሩን አንኳኩቶ።

በነጋታው ሐረር ገባሁ። ሳሎኑ እንደነበረ ነው፣ ቡፌው፣ ጠረጴዛው፣ መደቡ። ከፎቶው ይልቅ የከሳ፣ ፀሐይ የፈጀው ሰውዬ ቆሞ ተቀበለኝ። ጀልባው ተገልብጦ ከሞት ተርፎ፣ ታስሮ ተፈትቶ፣ ከዚያ በረሃ ውስጥ ወረቀቱን የቀማው ሰው ዘንድ በግ ሲጠብቅ ዓመታቱ እንዳለፉ በአጭሩ ነገረኝ፣ ስልክ የሚባል ነገር አጠገቡ አልነበረም። ስለ እናቱ አሟሟት ጎረቤት ሁሉ በየፊናው አውርቶለታል፣ እሱ ግን ከእኔ አፍ መስማት ፈለገ። ሳልደብቅ ነገርኩት። ፎቶውን መስረቄን፣ ሳጥኑን፣ ማዕዘኑን፣ የተቋረጠበትን ነጥብ፣ እናቱ ያሉትን አንድ በአንድ። ካሜራውን ይዤ ሄጄ ነበር፣ ሦስቱን ፎቶዎች አሳየሁት፣ መደብ፣ ምንጣፍ፣ ሰማያዊ ግድግዳ። ሲያይ ቆየና መለሰልኝ።

"ሦስቴም ስለሳቀ ነው ካሜራው ያነሣው?" አለኝ።

"ሦስቴም።"

"ወንድሜ፣" አለኝ፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ፣ "እኔ እዚያ አገር በኖርኩበት ዘመን አንድም ቀን ስቄ አላውቅም።"

ይህን ካለ በኋላ ሁለታችንም ወደ መደቡ ጥግ ዞር ብለን አየን፣ ምንም የለም። አመሻሹ ላይ ብርቱካን እራት ይዛ መጥታ ተቀመጡ እንጂ አለችን፣ ቆመን በላን።